የልደት ወር ድንጋይና የልደት ወር አበባ፦ ለማን የትኛው ይሻላል?

ለልደት የወሩን ድንጋይ ወይም የወሩን አበባ ሊሰጥ ያሰበ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ወሩን ከዝርዝር ፈልጎ ከጎኑ የተጻፈውን ይገዛል። ብዙ ስጦታ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ዝርዝሩ የወሩን ስም ይነግራል እንጂ ቀለበቱ ዕቃ በሚያጥብ እጅ ላይ ይዋል ወይስ በዓል በዓል ብቻ ይውጣ፣ አበባው የሚቀመጥበት ቤት ሕፃን ይኑርበት ወይስ ድመት አይናገርም። መረግድ የሜይ ድንጋይ ነው፤ በየቀኑ የሚደረግ የመረግድ ቀለበት ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጠርዙ ሊሸራረፍ ይችላል። የሸለቆ ሊሊም የሜይ አበባ ናት፤ ነገር ግን የቆመችበት ውሃ ሳይቀር መርዝ አለው። ስለዚህ ወሩ መነሻ ይሁን፣ ውሳኔው ግን ከአጠቃቀሙ ይምጣ።

ዝርዝሩ ምን ያህል ያስገድዳል?

የአሥራ ሁለቱ ድንጋዮች ነገር ሥሩ ጥንታዊ ነው። በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 28 በአሮን የደረት ኪስ ላይ በአራት ተራ የተደረደሩት አሥራ ሁለት ፈርጦች የእስራኤልን ነገዶች ስም የያዙ ነበሩ። በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው አይሁዳዊ የታሪክ ጸሐፊ ፍላቪየስ ጆሴፈስ እነዚህን ከዓመቱ አሥራ ሁለት ወራት ጋር አያያዛቸው። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ወር ድንጋይ ብቻ ማድረጉ ግን ከብዙ ዘመን በኋላ በአውሮፓ የመጣ ልማድ ነው። ዛሬ በየሱቁ የሚታየው ዝርዝር ደግሞ የአሜሪካ የጌጣጌጥ ነጋዴዎች በ1912 ተሰብስበው የተስማሙበት ነው። በ1952 አሌክሳንድራይት ለጁን፣ ቱርማሊን ለኦክቶበር፣ ሲትሪን ለኖቬምበር ተጨመሩ፤ በ2002 ታንዛናይት ለዲሴምበር፣ በ2016 ስፒኔል ለኦገስት ገቡ። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) አንድ ወር ሁለትና ሦስት ድንጋይ ያገኘው በዚህ መንገድ ስለሆነ አማራጩን መውሰድ ወግ ማፍረስ አይደለም።

የአበቦቹ ዝርዝር ከዚህም የላላ ነው። የተለመደው በእንግሊዝና በአሜሪካ የአትክልት ወቅት ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ ለየአበባው የተሰጠው ትርጉም በአብዛኛው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአውሮፓ ከተስፋፋው «የአበባ ቋንቋ» የመጣ ነው። ስኖውድሮፕ የጃንዋሪ የሆነችው እዚያ በረዶ ሰንጥቃ የምትወጣው በዚያ ወር ስለሆነ ነው።

ከመግዛት በፊት አንድ ነገር ይጣራ። ወራቱ የፈረንጅ ወራት ናቸው። የኢትዮጵያ ወር ከገባ ሦስት ሳምንት ገደማ ካለፈ ቀኑ ወደ ቀጣዩ የፈረንጅ ወር ይሻገራል። መስከረም 10 የተወለደ ሰው የሴፕቴምበር ነው፤ መስከረም 25 የተወለደው ግን ኦክቶበር 5 ገደማ ስለሚውል ድንጋዩ ኦፓል እንጂ ሰንፔር አይደለም። ወሩን በስሙ ብቻ አዛምዶ መግዛት በጣም የተለመደ ስህተት ነው።

ዝርዝሩ ይኸው፦

ጃንዋሪ፦ ጋርኔት፤ ካርኔሽን ወይም ስኖውድሮፕ
ፌብሩዋሪ፦ አሜቴስጢኖስ፤ ቫዮሌት ወይም ፕሪምሮዝ
ማርች፦ አኳማሪን ወይም ብለድስቶን፤ ዳፎዲል
ኤፕሪል፦ አልማዝ፤ ዴዚ ወይም ስዊት ፒ
ሜይ፦ መረግድ፤ የሸለቆ ሊሊ ወይም ሃውቶርን
ጁን፦ ሉል፣ አሌክሳንድራይት ወይም ሙንስቶን፤ ጽጌረዳ ወይም ሃኒሰክል
ጁላይ፦ ሩቢ፤ ላርክስፐር ወይም የውሃ ሊሊ
ኦገስት፦ ፔሪዶት፣ ስፒኔል ወይም ሰርዶንክስ፤ ግላዲዮለስ ወይም ፖፒ
ሴፕቴምበር፦ ሰንፔር፤ አስተር ወይም ሞርኒንግ ግሎሪ
ኦክቶበር፦ ኦፓል ወይም ቱርማሊን፤ ማሪጎልድ ወይም ኮስሞስ
ኖቬምበር፦ ቶጳዝ ወይም ሲትሪን፤ ክሪሳንቲመም
ዲሴምበር፦ ተርኩዋዝ፣ ዚርኮን ወይም ታንዛናይት፤ ናርሲሰስ ወይም ሆሊ

ድንጋዩ የሚውለው የት ነው?

ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው ይህ ነው። ቀለበት በቀን ስንት ጊዜ ከጠረጴዛ፣ ከበር እጀታ፣ ከብረት ጋር እንደሚጋጭ አድራጊው ራሱ አያስተውለውም። አምባር ይከተለዋል። የጆሮ ጌጥና የአንገት ሐብል ግን እምብዛም አይመቱም፤ ለስስ ድንጋይ ምቹ ቦታዎች እነሱ ናቸው።

የማዕድን ጥንካሬ የሚለካው በሞዝ መለኪያ ከ1 እስከ 10 ነው። እዚህ ላይ 7 ልዩ ቁጥር ነው። ኳርትዝ የሚባለው ማዕድን ጥንካሬው 7 ሲሆን በየቤቱ አቧራ ውስጥ አለ። ከ7 በታች የሆነ ድንጋይ ላይ ያረፈን አቧራ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ማለት በደቃቅ አሸዋ መፈግፈግ ማለት ነው፤ ከጊዜ በኋላ ድንጋዩ ጭጋግ ይለብሳል። ሁልጊዜ በመጀመሪያ በለሰለሰ እርጥብ ጨርቅ ወይም በውሃ አቧራውን ማስለቀቅ ይገባል። ይህን ቀላል ነገር ባለማወቅ ብቻ የደበዘዘ ፈርጥ ብዙ ነው።

አልማዝ 10፣ ሩቢና ሰንፔር 9፣ አሌክሳንድራይት 8.5፣ ስፒኔልና ቶጳዝ 8፣ መረግድና አኳማሪን ከ7.5 እስከ 8፣ ቱርማሊን ከ7 እስከ 7.5፣ አሜቴስጢኖስና ሲትሪን 7፣ ጋርኔት ከ6.5 እስከ 7.5፣ ፔሪዶት ከ6.5 እስከ 7፣ ታንዛናይት ከ6 እስከ 7፣ ሙንስቶን ከ6 እስከ 6.5፣ ኦፓል ከ5.5 እስከ 6.5፣ ተርኩዋዝ ከ5 እስከ 6 ናቸው፤ ሉል ከሁሉም ዝቅ ብሎ 3 አካባቢ ነው።

ቁጥሩ ግን የሚናገረው ጭረትን ስለ መቋቋም ብቻ ነው፤ ስብራት ሌላ ጉዳይ ነው። አልማዝን ከአልማዝ በቀር የሚጭረው የለም፤ ሆኖም በውስጡ በአራት አቅጣጫ የሚሰነጠቅበት መስመር ስላለው ጠርዙ ላይ የተሰነዘረ ምት ሊፈነክተው ይችላል። ቶጳዝ 8 ሆኖ ሳለ በአንድ አቅጣጫ ቀጥ ብሎ ይሰነጠቃል። መረግድ በተፈጥሮው ስንጥቅ የሞላበት ስለሆነ ቁጥሩን አይቶ ማመን ያሳስታል። ስፒኔልና ሰንፔር እንዲህ ያለ ደካማ መስመር ስለሌላቸው ለዕለት ተዕለት ቀለበት ከሁሉ የሚታመኑ ናቸው።

በአጭሩ፣ በየቀኑ ለሚደረግ ቀለበት አልማዝ፣ ሩቢ፣ ሰንፔር፣ አሌክሳንድራይትና ስፒኔል ይሆናሉ። ጋርኔት፣ አሜቴስጢኖስ፣ አኳማሪን፣ ሲትሪንና ቱርማሊን በሥራ ሰዓት ከወለቁ ለቀለበት ያገለግላሉ። መረግድ፣ ኦፓል፣ ሉል፣ ታንዛናይት፣ ሙንስቶንና ተርኩዋዝ ለጆሮና ለአንገት ይሁኑ፤ ተቀባዩ ቀለበት ካልሆነ ካለ ደግሞ በብረት ጥፍር ብቻ የተያዘ ሳይሆን ዙሪያውን በወርቅ ወይም በብር የታቀፈ፣ ፈርጡም ከብረቱ ጠርዝ ዝቅ ያለ ይሠራ።

ከአንድ በላይ ድንጋይ ያላቸው ወራት

ኦክቶበር ምርጫው ከሁሉ የሚከብድበት ወር ነው፤ ምክንያቱም ኦፓል በውበቱ አቻ የለውም፣ በባሕርዩም አስቸጋሪ ነው። ኦፓል በውስጡ ውሃ ያለው ድንጋይ ሲሆን ድንገተኛ ሙቀትና ድርቀት ይሰነጥቀዋል። ከወሎ የሚወጣው ኦፓል ደግሞ አብዛኛው ውሃ መጣጭ ነው። ውሃ ሲነካው መስተዋት መስሎ ይጠራል፣ የቀለሙም ጨዋታ ይጠፋል፤ ቀስ ብሎ ሲደርቅ ይመለሳል። አደጋው ውሃው ራሱ ሳይሆን ከውሃው ጋር የሚገባው ነው፦ ሳሙና፣ ዘይት፣ ሽቶ፣ ማቅለሚያ ውስጡ ቀርቶ ቢጫ ያደርገዋል። ከነከሩት በክፍት አየር ላይ ለሰዓታት፣ ካስፈለገም ለቀናት ይተዉት፤ በፀጉር ማድረቂያ ወይም በፀሐይ ማፋጠን ስንጥቅ ያመጣል። ጥቁር የወሎ ኦፓል ሲቀርብልዎ በጭስ ወይም በማቅለሚያ የጠቆረ መሆን አለመሆኑን ይጠይቁ፤ ይህ ውሃ መጣጭ ባሕርይ ለማጥቆር ይመቻልና። ሌላው የሚያጋጥመው ስስ የኦፓል ንጣፍ ከጥቁር መደብ ጋር የተጣበቀበት ሥራ ነው። ከጎኑ ሲታይ ቀጥ ያለ የመገጣጠሚያ መስመር ካለው ያ ነው፤ ውሃ ውስጥ ከቆየ ሙጫው ይለቅና ይደበዝዛል። ኦፓል «ገድ የለውም» የሚለውን ወሬ ያስፋፋው በ1829 የታተመ አንድ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ነው፤ ከዚያ በፊት የጥንቱ ሮማዊ ጸሐፊ ፕሊኒ የሌሎችን የከበሩ ድንጋዮች ቀለም ሁሉ በአንድነት የያዘ ብሎ አወድሶታል። ተቀባዩ ጌጡን አውልቆ የማስቀመጥ ልማድ ከሌለው ግን ሮዝ ቱርማሊን ይስጡት።

ጁን ላይ ምርጫው ከሉልና ከአሌክሳንድራይት መካከል ነው። ሉል ከሕይወት ያለው እንስሳ የሚገኝ፣ በአሲድ የሚበላ ነገር ነው፤ ላብ፣ ኮምጣጤ፣ ሽቶ፣ የፀጉር ማስዋቢያ ሁሉ ይጎዱታል። ሽቶውና ቅባቱ ካለቀ በኋላ በመጨረሻ ይደረጋል፣ ሲወልቅም በመጀመሪያ። በክር የተሰካ ከሆነ በእያንዳንዱ ፍሬ መካከል ቋጠሮ ይኑረው፤ ያኔ ክሩ ቢበጠስ የሚወድቀው አንድ ፍሬ ብቻ ነው። ሁለት ፍሬዎችን በእርጋታ ሲያፋትጉ እንደ ደቃቅ አሸዋ ሻከር ካሉ ሉል ናቸው፤ ከተንሸራተቱ ብርጭቆ ወይም ፕላስቲክ ሳይሆኑ አይቀሩም። በርቢ የተገኘ ሉል ሐሰተኛ አይደለም፤ ዛሬ ገበያ ላይ ያለው ሉል አብዛኛው እንዲያ ነው። አሌክሳንድራይት በቀን ብርሃን አረንጓዴ፣ በአምፖል ወይም በሻማ ብርሃን ቀይ ይሆናል። በ1830ዎቹ በኡራል ተራሮች ተገኝቶ በኋላ ንጉሠ ነገሥት በሆነው በሩሲያው አልጋ ወራሽ በአሌክሳንደር ስም ተጠራ። በዚህ ስም በርካሽ የሚሸጠው፣ ከግራጫ ሰማያዊ ወደ ሐምራዊ የሚለወጠው ግን ሰው ሠራሽ ኮረንደም (የሩቢና የሰንፔር ማዕድን) ነው።

ዲሴምበር ሦስት ድንጋይ አለው፤ ሦስቱም ጥንቃቄ ይሻሉ። ተርኩዋዝ ቀዳዳማ ስለሆነ የቆዳ ቅባት ሲጠጣ ወደ አረንጓዴ ያደላል። ሃውላይት የሚባል ነጭ ድንጋይ ሰማያዊ ተነክሮ በስሙ ስለሚሸጥ የዶቃውን ቀዳዳ ውስጡን ይመልከቱ፤ ነጭ ከታየ ቀለም የተቀባ ነው። ታንዛናይት በ1967 የታወቀ፣ በታንዛኒያ ከሜሬላኒ ኮረብቶች ብቻ የሚወጣ ድንጋይ ነው። ሰማያዊው ቀለም በአብዛኛው ቡናማውን ድንጋይ በማሞቅ የተገኘ ሲሆን ይህ ቋሚ ነው፣ አያሳስብም፤ የሚያሳስበው በቀላሉ መሰንጠቁ ነው። ዚርኮንን ብዙ ሰው ዚርኮኒያ ከሚባለው ሰው ሠራሽ የአልማዝ ምትክ ጋር ያደባልቀዋል፤ በዚህ ምክንያት ያለ አግባብ የተናቀ ድንጋይ ነው። ዚርኮን የተፈጥሮ ማዕድን ነው፤ በምድር ላይ ዕድሜያቸው ከተለካ ማዕድናት እጅግ የቆዩት በአውስትራሊያ የተገኙ፣ 4.4 ቢሊዮን ዓመት ገደማ የሆናቸው የዚርኮን ቅንጣቶች ናቸው። በማጉያ መነጽር ከላይ ሲታይ የኋላው ገጽ ጠርዞች ድርብ ሆነው ይታያሉ። ደካማ ጎኑ የገጾቹ ጠርዝ በመፋተግ ቶሎ ማለቁ ነው፤ ለብቻው ተጠቅልሎ ይቀመጥ። ለጆሮ ጌጥ ከሦስቱ ዚርኮንን እናስቀድማለን።

ኦገስት ላይ ፔሪዶት የሚወደድ አረንጓዴ ቢሆንም ላብና አሲድ ይጎዱታል። ለቀለበት ስፒኔል ያለ ጥርጥር ይበልጠዋል፤ በእንግሊዝ ዘውድ ላይ ያለው «የጥቁሩ ልዑል ሩቢ» የሚባለው ትልቅ ቀይ ድንጋይም ስፒኔል ነው። ኖቬምበር ላይ ሲትሪን ከቶጳዝ ይልቅ ምት ይችላል። ገበያ ላይ ያለው ሲትሪን አብዛኛው በእሳት የተሞቀ አሜቴስጢኖስ ነው፤ ሁለቱም ኳርትዝ ናቸውና። ከባልና ሚስት አንዱ የፌብሩዋሪ ሌላው የኖቬምበር ከሆነ ሐምራዊና ቢጫ በአንድ ድንጋይ ላይ የሚታይበት አሜትሪን አለ፤ የበለጠ የሚስማማ ስጦታ አይገኝም።

አንድ ድንጋይ ብቻ ካላቸው ወራት ሁለቱ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋቸዋል። መረግድ ስንጥቁ እንዳይታይ በዘይት ወይም በሙጫ ይሞላል፤ በድምፅ ሞገድ የሚያጥብ ማሽንና እንፋሎት ዘይቱን አውጥተው የተሰወረውን ስንጥቅ ሁሉ ያጋልጣሉ። ለብ ባለ ውሃ፣ በለሰለሰ ብሩሽ ብቻ ይታጠብ። ሩቢ ደግሞ እርሳስ ባለበት ብርጭቆ የተሞላ ሊሆን ይችላል፤ ይህን የሎሚ ጭማቂ እንኳ ያበላሸዋል፣ አንጥረኛ ቀለበቱን ለመጠገን እሳት ሲያስጠጋውም መሙያው ይወጣል። በ10 እጥፍ ማጉያ የአየር አረፋና ሰማያዊ ብልጭታ ከታየ ይተዉት። ሻጩን «ምን ተደርጎበታል?» ብሎ መጠየቅ «እውነተኛ ነው?» ከማለት ይሻላል፤ በብርጭቆ የተሞላ ሩቢም «እውነተኛ ሩቢ» ተብሎ ይሸጣልና። መልሱ ደረሰኙ ላይ ይጻፍ።

ስታዝዙ መጠኑን በካራት ሳይሆን በሚሊሜትር ንገሩ። ካራት ክብደት ነው፣ 0.2 ግራም። ሩቢ ከአልማዝ ስለሚከብድ 1 ካራት ክብ አልማዝ 6.5 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን 1 ካራት ሩቢ ወደ 6 ይወርዳል፤ ኦፓል ቀላል ስለሆነ በዚያው ክብደት ሰፍቶ ይታያል።

አበባ ከመረጡ

አበባ ሲመረጥ የሚጠየቀው በአበባ ማስቀመጫ ውስጥ ስንት ቀን ይቆያል የሚለው ነው። ካርኔሽንና ክሪሳንቲመም ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ይቆያሉ። ጽጌረዳ፣ ግላዲዮለስና አስተር ከሳምንት እስከ ዐሥር ቀን ይሄዳሉ። ዳፎዲል፣ ስዊት ፒና ፖፒ ሳምንት አይሞሉም። ሞርኒንግ ግሎሪ ጠዋት ተከፍታ በዚያው ቀን ስለምትጠወልግ ለመቁረጥ አትሆንም፤ ዘሯን ወይም በማሰሮ የተተከለችውን መስጠት ይሻላል።

ሁሉም ላይ የሚሠራው አያያዝ አንድ ነው፦ ግንዱን ከታች 2 ሴንቲሜትር ያህል በስለት አግድም ሳይሆን ሰያፍ መቁረጥ፣ ውሃ ውስጥ የሚገባውን ቅጠል ማራገፍ፣ ውሃውን በየሁለት ቀኑ መለወጥ። ከበሰለ ፍራፍሬ አጠገብ አይቀመጥ፤ ፍራፍሬው የሚያወጣው ኤቲሊን ጋዝ በተለይ ካርኔሽንን ቶሎ ያጠወልጋል። ጽጌረዳ ሳትፈካ አንገቷን የምትደፋው ግንዷ በአየር ወይም በባክቴሪያ ተዘግቶ ውሃ ስለማይደርሳት ነው፤ ግንዱን ውሃ ውስጥ እንዳለ እንደገና ቆርጠው፣ አበባውን በወረቀት ቀጥ አድርገው ጠቅልለው ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ለሁለት ሰዓት ያቁሟት። ዳፎዲል የሚያወጣው ፈሳሽ አብረውት ያሉትን አበቦች ይጎዳል፤ መጀመሪያ ለብቻው ከግማሽ ቀን እስከ አንድ ቀን ይቁም፣ ከሌሎች ጋር ሲቀላቀልም ግንዱ ዳግመኛ አይቆረጥ። ፖፒ ወተቱ እንዲቆም የተቆረጠው ጫፍ ለጥቂት ሰከንድ በእሳት ይለብለባል። ግላዲዮለስ አጋድሞ ከተጓጓዘ ጫፉ ወደ ላይ ይጎብጣል፤ ቆሞ ይሂድ፣ ሲገዛም ከታች ሁለት ሦስት አበቦች ብቻ ቀለም ያሳዩ።

ሕፃን ወይም የቤት እንስሳ ባለበት ቤት የሸለቆ ሊሊ፣ ላርክስፐርና ዳፎዲል አይግቡ። የመጀመሪያዋ የልብ ምት የሚያዛባ መርዝ አላት፤ የዳፎዲል ኮረት ከሽንኩርት ጋር ተምታቶ ሰው ያሳምማል፤ የስዊት ፒ ዘርም አተር ይመስላል እንጂ አይበላም።

ትርጉሙም ተቀባዩ ካለበት አገር ጋር ይመዘን። ክሪሳንቲመም በጃፓን የንጉሠ ነገሥቱ ማኅተም ላይ ያለ የክብር አበባ ነው፤ በፈረንሳይ፣ በጣሊያንና በፖላንድ ግን የመቃብር አበባ ስለሆነ ለልደት ማምጣት ያስደነግጣል። ማሪጎልድ በህንድ የሠርግ ጉንጉን ሲሆን በሜክሲኮ ሙታን የሚታሰቡበት በዓል አበባ ነው። ቢጫ ካርኔሽን በድሮው የአበባ ቋንቋ ንቀትን ያመለክት ስለነበር ሮዝ ወይም ቀይ ይመረጥ። ቫዮሌት ትሕትናና ታማኝነት ናት፤ ሽታዋ መጣሁ ሄድሁ የሚለው በውስጧ ያለው አዮኖን የሚባል ንጥረ ነገር አፍንጫን ለጊዜው ስለሚያደነዝዝ ነው።

አበባውን ለማቆየት የሚፈልግ ሰው እንደ ቫዮሌትና ኮስሞስ ያሉትን ስሶቹን በመጣጭ ወረቀት መካከል አድርጎ በከባድ መጽሐፍ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ይጫናቸው፤ ወረቀቱን በመጀመሪያው ሳምንት በየሁለት ቀኑ ይቀይር። ከዚያ በሬዚን (ፈሳሽ ሆኖ ፈስሶ በሚጠነክር ግልጽ ሙጫ) ውስጥ አድርጎ ጌጥ ማሠራት ይቻላል። በውስጡ ጥቂት እርጥበት እንኳ ከቀረ ግን ሬዚኑ ውስጥ ይጠቁራል።

የብዙ ልጆች ወር በአንድ ጌጥ

እናቶች የልጆቻቸውን ድንጋዮች በአንድ ቀለበት ማሠራት ይወዳሉ፤ ሥራው ግን ብዙ ጊዜ ይበላሻል። የኤፕሪል አልማዝና የጁን ሉል ጎን ለጎን ከተቀመጡ እጥበቱም ጥገናውም ለሉሉ በሚስማማው መንገድ ብቻ ይሆናል። ለአልማዙ ብለው በድምፅ ሞገድ ማሽን ቢያጥቡት ሉሉ ይሞታል። ስለዚህ የጁኑን በአሌክሳንድራይት፣ የኦክቶበሩን በቱርማሊን፣ የዲሴምበሩን በዚርኮን ተክቶ ጥንካሬያቸውን ማቀራረብ፣ ወይም ሁሉንም በአንገት ሐብል ላይ ለየብቻ አንጠልጥሎ ማሠራት ይሻላል። ሳጥን ውስጥም እያንዳንዱ በየራሱ ለስላሳ ከረጢት ይግባ፤ አልማዝ አጠገቡ ያገኘውን ሁሉ ይጭራል።